ጡሩምባው አይሰማን፣ ባቡሩ አይደርስልን!

(ከዚህ በታች ያለው መርካቶ ውስጥ በሚገኝ አንድ የሰፈር እድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአባላቱ አንዱ ያደረጉት ንግግር ነው። ለጉባኤው የቀረበው አጀንዳ «ወደ ኮንዶሚኒየም የሄዱ አባላት በቀብርና በስብሰባ ስለማይገኙ ከእድሩ ይሰረዙ ወይስ አይሰረዙ?» የሚል ነበር። ተናጋሪው ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁን አላወጣነውም። - ዝግጅት ክፍሉ)

በቅድሚያ ስለ መዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስገባ ጸሐፊያችን ስሜ አጠገብ ጭረት ሲያደርጉ አይቻቸዋለሁ። ልክ ናቸው፤ ደንብ ደንብ ነው። ቅጣቴን ከመውጣቴ በፊት እከፍላለሁ። ስብሰባው የተጠራው ለ3 ሰዓት ነበር። እኔ ከየካ አባዶ የወጣሁት 1 ሰዓት ላይ ነው። እዚህ የደረስኩት 3 ሰዓት ከ40 ነው። ፊቴን ወዲያ አዙሬ አገር አቋራጭ ብሳፈር ኖሮ አሁን ደብረ ብርሃን ገብቼ ቁርስ እያዘዝኩ ነበር!

እንግዲህ አጀንዳው እኔንና እኔን መሰሎችን የሚመለከት ነው። ከ30 ዓመት በላይ በዚህ እድር መዝገብ ላይ የኖረ ስማችን ይሰረዝ ወይስ አይሰረዝ ነው ነገሩ። ተከሳሽ ነኝና ቃሌን ልስጥ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እጀምራለሁ። ስለ እድር ልናገር ቆሜ ስለ ባቡር፣ ስለ ታክሲና ስለ ሥራ ባወራ አትታዘቡኝ፤ ሁሉም አንድ ነገር ነው።

ቤት ስናገኝ እንጀራችን ራቀ

እኔ እዚህ ሰፈር የኖርኩት በቀበሌ ቤት ውስጥ በደባልነት ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ የጋራ ሽንት ቤት። ክረምት ሲገባ ጣሪያችን ያፈስ እንደነበር ጎረቤቶቼ ታውቃላችሁ፤ ሳፋ ያበደራችሁኝ እናንተው ናችሁ። ሥራዬ ግን ሚሊቴሪ ተራ፣ ከቤቴ በእግር አምስት ደቂቃ ነበር። ምሳዬን ቤቴ እበላለሁ። ለቅሶ ሲኖር የሱቁን ሒሳብ ዘግቼ በአሥር ደቂቃ ድንኳን ውስጥ ነኝ። ጡሩምባ ነፊያችን ሌሊት 10 ሰዓት ሲነፋ ከአልጋዬ ሳልወርድ የማን ቤት እንደሆነ እለይ ነበር።

የኮንዶሚኒየም ምዝገባ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ተመዘገብኩ። በ2007 ዓ.ም. እጣ ወጣልኝ፤ የካ አባዶ። እልል ብላችሁ የሸኛችሁኝ እናንተ ናችሁ። ሐሰት አልናገርም፤ ቤቱ ቤት ነው። ቧንቧ አለው፣ በሩ ይቆለፋል፣ ልጆቼ የየራሳቸው ፍራሽ አላቸው። ቤት አልተሰጠኝም ብል እግዜርም ይታዘበኛል።

ግን እስቲ አስቡት። ቤቱ ተሰጠኝ፤ እንጀራዬ የቀረው እዚህ ነው። የሱቁ ባለቤት መርካቶ፣ ደንበኛው መርካቶ፣ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ መርካቶ። አባዶ ላይ የሚያውቀኝ ዘበኛው ብቻ ነው። እኔን መሰሉ ወደ ጀሞ ሄደ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ሄደ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ ሄደ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ሄደ። ቤት የተሠራው መሬት በሚገኝበት ነው። ሥራ ያለው ደግሞ ሰው በለመደው ቦታ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ማን ያስብ? የቤቱን ካርታ የነደፈውና የመንገዱን ካርታ የነደፈው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ሻይ የጠጡ አይመስሉም።

ጣሊያን እንኳ ገበያውን ከቤቱ አልለየም

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ይህች መርካቶ የተተከለችው በጣሊያን ዘመን ነው፤ ስሟም የጣሊያንኛ ነው። ከዚያ በፊት ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን ሐበሻውን ከነጩ ለመለየት ብሎ ገበያውን ወደዚህ አዞረው። ሐሳቡ ክፉ ነበር፤ የዘር ልዩነት ነበር። አባቶቻችን ያንን ሐሳብ በደማቸው ሽረውታል።

ይሁንና ልብ በሉ። ያን ጊዜ የተነሳው ገበያው ብቻ አይደለም። ገበያው ሲመጣ ነዋሪውም አብሮ መጣ። አዲስ ከተማ የተባለውም ለዚሁ ነው። ነጋዴው ከሱቁ ጀርባ አደረ፣ ተሸካሚው ከመጋዘኑ አጠገብ አደረ፣ ጠላ ሻጯ ከተሸካሚው አጠገብ አደረች። ሰው ከሰፈሩ ቢነቀልም ከእንጀራው አልተነቀለም። ጉራጌው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ዶርዜው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከአንዋር መስጊድ እስከ ራጉኤል ተጠጋግቶ እድር መሠረተ። ይህ እድር የዚያ መጠጋጋት ልጅ ነው።

ዛሬስ? ማንም ክፉ አላሰበብንም እንበል። እንዲያውም በጎ ታስቦልን ነው እንበል። ግን ውጤቱ ምንድን ነው? ጠላት ሊለየን አስቦ ሳይለየን የቀረውን ቤትና ሥራ፣ ወዳጅ ሊያኖረን ብሎ ለያየው።

ባቡሩ ሲመጣ

በመስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር ከተሰለፉት አንዱ እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ የተከፈተው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚወስደው ነው። ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ደግሞ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚወስደው ተከፈተ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ሲደመሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው፤ 39 ጣቢያ አላቸው፤ 41 ባቡሮች ገዛን። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ 85 ከመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ብድሩን የሚከፍለው የተሳፈረውም ያልተሳፈረውም ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ገንዘቡ ባክኗል፣ ባቡሩ ለወሬ ነው» ስትሉ እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ባቡሩን አትስደቡት! ሲጀመር ዋጋው 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። በዚያ ገንዘብ ከከተማው ዳር እስከ ዳር ያደርስ ነበር። ታክሲ ውስጥ ተቆራርጦ ለሚሄድ ድሃ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሚኒስትሩም ተሸካሚውም እኩል ቆመው የሚሄዱበት ነገር በዚህ ከተማ ስንት አለ? (ሚኒስትሩን እንኳ አይቼው አላውቅም።)

የኔ መንገድ እንዲህ ነው። ከአባዶ በታፎ አድርጌ በታክሲ አያት እደርሳለሁ። ከአያት ባቡር እይዛለሁ። መሪ፣ ሲኤምሲ፣ ጉርድ ሾላ፣ መገናኛ፣ ሃያ ሁለት፣ ኡራኤል፣ ባምቢስ፣ እስጢፋኖስ እያለ ስታዲየም ይገባል። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ መስመሮች በአንድ ሐዲድ ነው የሚሄዱት። ልደታ ወርጄ የምኒልክ አደባባዩን እጠብቃለሁ። ከዚያ ዳርማር፣ አብነት፣ ሰባተኛ፣ አውቶቡስ ተራ። ከዚያ በእግር። በወረቀት ላይ ስታዩት የሚያምር ነው!

ነገር ግን አስተውሉ፤ ባቡሩ የሚጀምረው አያት ላይ ነው፤ እኔ የምጀምረው አባዶ ላይ ነው። ሌላው ጫፍ ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ የቱሉ ዲምቱ ሰው ኑሮ የሚጀምረው ግን ከቃሊቲ ወዲያ ነው። በምዕራብ ጦር ኃይሎች ላይ ይቆማል፤ አየር ጤናና ዓለም ባንክ ከዚያ ወዲያ ናቸው። ጀሞን ጭራሽ አይነካም። በሰሜን ምኒልክ አደባባይ ያበቃል። ባጭሩ ባቡሩ ድሮ በኖርንበት ይሄዳል፤ አሁን በምንኖርበት አይደርስም። ሐዲዱ ሲያልቅ ነው የኛ መንገድ የሚጀምረው።

ከዚያ ደግሞ ብልሽቱ መጣ። መለዋወጫ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ደግሞ የለም ተባለ። መብራት ሲጠፋም ባቡሩ ይቆማል፤ ነዳጁ መብራት ነዋ! በ2015 ዓ.ም. ከ41ዱ ከግማሽ የሚበልጡት ከሥራ ውጪ እንደነበሩ ሲዘገብ ሁላችንም ሰምተናል። ሲገዙ የተጨበጨበላቸው ሲቆሙ አንድ ሰው እንኳ አላለቀሰላቸውም። እድር ቢኖራቸው ኖሮ ቢያንስ ድንኳን ይተከልላቸው ነበር።

አንድ ቤት፣ ሦስት አቅጣጫ

«ባቡሩ ቢጠገንና ቢጨመርስ ችግሩ ያልቃል?» የሚል አለ። ግማሹ ያልቃል። ሌላው ግማሽ ግን ሌላ በሽታ ነው።

የኔን ቤት ውሰዱ። እኔ ጠዋት ወደ መርካቶ እወርዳለሁ፤ ወደ ምዕራብ ማለት ነው። ትልቋ ልጄ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ትሠራለች፤ እሷ ወደ ደቡብ ነው። ወንዱ ልጄ ግንበኛ ነው፤ ሥራው ዛሬ ለቡ፣ የዛሬ ወር ሳር ቤት፣ ከዚያ የት እንደሆነ ፎርማኑም አያውቀውም። አንድ ቤት፣ ሦስት አቅጣጫ! ለሦስታችን የሚሆን አንድ ሐዲድ የትኛው መሐንዲስ ይዘረጋልናል?

ባቡር ማለት ገመድ ማለት ነው። ሁለት ችካል ይፈልጋል። አንዱ ችካል ብዙ ቤት ያለበት፣ ሌላው ችካል ብዙ ሥራ ያለበት ሲሆን ገመዱ ይወጠራል። ሥራው በየቦታው ከተበተነና ቤቱም በየጥጉ ከተበተነ ገመዱ ይላላል።

ያውም በኛ ከተማ ሥራው ራሱ እግር አለው። ባቡር ጣቢያችንን ተመልከቱ፤ «አትክልት ተራ» ይላል። አትክልቱ የታለ? በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተነሳ፤ ከዚያም ሃይሌ ጋርመንት ወረደ። የቀረው የጣቢያው ስም ነው። ቲማቲም የሚያወርደው ልጅ ሥራውን ተከትሎ ወደ ከተማው ደቡብ ጫፍ ወረደ፤ ሐዲዱ ግን ሊከተለው አይችልም። «አውቶቡስ ተራ» የሚለውንም ጣቢያ እዩ። የአገር አቋራጩ ስንቱ ወደ ላምበረት፣ ወደ ቃሊቲ፣ ወደ አየር ጤና፣ ወደ አስኮ ተከፋፍሏል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ እዚያ ሠርቶ የሚያድረው ሁሉ በየአቅጣጫው ተበተነ። ሥራ ሲነሳ ባቡር አብሮ አይነሳም። ታክሲ ግን ይነሳል። ለዚህ ነው ወያላው «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» እያለ ዛሬም የከተማው ጌታ የሆነው።

አራተኛ አቅጣጫም አለ፤ እግር። ከአዲስ አበባ ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር መሆኑ በተደጋጋሚ የተጠና ነገር ነው። ድሃው የሚሄደው በእግሩ ነው። ቤቱ አምስት ደቂቃ ሲሆን በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ሲሆን ግን እግር ምን ይሠራል? ቤታችንን ሲያርቁብን እኮ የወሰዱብን ጫማችንን ነው።

የሰውም አገር ቢሆን

ይህ የኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። አሜሪካን አገር ሎስ አንጀለስ ስንት ወገናችን እንዳለ ታውቃላችሁ። በፌርፋክስ ጎዳና ላይ በ2002 እ.ኤ.አ. «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ስም በይፋ ተሰጥቷቸዋል። ያቺ ከተማ በጥንቱ ጊዜ «ቀይ መኪና» የሚባሉ ሰፊ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ነበሯት። የመጨረሻው በ1961 እ.ኤ.አ. ቆመ። ከተማዋ በመኪና ተዘረጋች፤ ቤቱም ሥራውም ተበተነ። ከዚያ እንደገና ባቡር አማራት፤ በ1990 እ.ኤ.አ. አዲሱን መስመር ከፈተች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢሊዮን ዶላር አፍስሳለች። ሰዉ ግን አሁንም በአብዛኛው በመኪና ነው የሚሄደው፤ ምክንያቱም ሥራው አንድ ቦታ አይደለም። የኛው ዘመዶች እዚያ ሄደው ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ሲያቃጥሉ «ፍሪዌይ ላይ ነኝ» ይላሉ። እኛ ደግሞ «መገናኛ ሰልፍ ላይ ነኝ» እንላለን። ልዩነቱ እነሱ ተቀምጠው መሆኑ ነው።

ሕንድ አገር ደግሞ ሙምባይ የሚባል ከተማ አለ። እዚያ ባቡር በየቀኑ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ያመላልሳል። ሥራው በአብዛኛው ወደ ከተማው ደቡብ የተከማቸ ስለነበር ባቡሩ ሠመረለት። ከሁሉ የገረመኝ ግን ይህ አይደለም። የሙምባይ ባቡር ለቸርቻሪና ዕቃ ለያዘ ሰው ለብቻው የተለየ ክፍል አለው! ዓሣ ሻጯ ከነቅርጫቷ ትሳፈራለች። የቢሮ ምሳ የሚያመላልሰውም ከነሣህኑ ይሳፈራል። ባቡሩ ሲሠራ ድሃው ምን ይዞ እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው ነበረ ማለት ነው።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው

ወደ መርካቶ ልመለስ። በዚህች በተበታተነች ከተማ ሥራ በአንድ ቦታ ተከማችቶ የሚገኝበት ሰፈር ቢፈለግ ከመርካቶ የተሻለ የለም። ባቡሩም በጎናችን ያልፋል፤ ዳርማር፣ አብነት፣ ሰባተኛ፣ አውቶቡስ ተራ፣ ጎጃም በረንዳ። ገመድ የሚታሰርበት ችካል ካለ ይኸው እዚህ ነው። ታዲያ የመርካቶ ሠራተኛ ስንቱ ነው የሚጠቀምበት?

ተሸካሚውን ጠይቁት። መኪና የሚራገፈው ገና ሳይነጋ ነው። እሱ 11 ሰዓት ላይ በርበሬ ተራ ካልተገኘ ጀርባው ሥራ ፈታ ማለት ነው። ባቡሩ ሲጀመር የሚነሳው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነበር። ሸማ ተራ ሁለት ቦንዳ ገዝታ ጀሞ ወይም ቱሉ ዲምቱ ላይ ወስዳ የምትቸረችረውን ሴት ጠይቋት። በተጨናነቀ ባቡር ውስጥ ቦንዳ ይዞ መግባት ቀርቶ ባዶ እጅን ይዞ መቆምም ትግል ነው። እሷ የምትሄደው በታክሲ ነው፤ ለራሷ አንድ፣ ለቦንዳዋ አንድ ወንበር እየከፈለች። ትርፏ ያለቀው እዚያ ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለኛ ነው።

አንዲት እናት ላንሳ። ስማቸውን አልጠራም፤ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃቸዋል። በርበሬ ይቀነጥሱ ነበር። ቤታቸው ለልማት ሲነሳ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተሰጣቸው። ደስ አላቸው። ሁለት ወር ተመላለሱ። የቀን ገቢያቸውን ከታክሲ ሒሳባቸው ጋር አቀራረቡት፤ ጠዋት ለመምጣትና ማታ ለመመለስ ከከፈሉ በኋላ የሚተርፈው የሻይ እንኳ አልሆነም። ምን አደረጉ? ኮንዶሚኒየሙን አከራዩት፤ እዚሁ ሰፈር ተመልሰው በአንድ ዘመድ ቤት በደባልነት ገቡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የራሳቸው ቤት እያለ በሰው ቤት ወለል ላይ ያድራሉ። ይህን ያደረጉት ቤቱን ጠልተው አይደለም፤ በርበሬው እዚህ ስለሆነ ነው። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ ጉባኤ ማን ይሙት ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምንኖረው? በመዝገብ ላይ ባለቤት፣ በኑሮ ደባል!

ስለዚህ ጥፋተኛው ማነው?

አሁን ወደ አጀንዳው ልግባ። «የኮንዶሚኒየም ሰዎች ንቀውናል፤ ቀብር አይመጡም፤ መዋጮ በልጅ ይልካሉ» ተብሏል። ግማሹ እውነት ነው። ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ ሲያርፉ ጡሩምባው ሌሊት ተነፋ። አባዶ ጡሩምባ አይሰማም። የሰማሁት ጠዋት 3 ሰዓት በስልክ ነው። የደረስኩት ሥርዓተ ቀብሩ ካበቃ በኋላ ነው። የሟች ልጅ አይታኝ «ጋሼ፣ አንተም?» አለችኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። ቅጣት ከፍያለሁ፤ የእሷን ግን በምን እከፍለዋለሁ?

ይሁን እንጂ እኛን መሰረዝ ምን ይፈውሳል? እኛ የራቅነው በልባችን አይደለም፤ በኪሎ ሜትር ነው። የሰረዛችሁን እንደሆነ መንገዱ የጀመረውን እናንተ ጨረሳችሁለት ማለት ነው። ደግሞ አስቡበት፤ ዛሬ ተራው የኛ ነው። ነገ መርካቶ «ተነስታ ትሠራ» የተባለች ቀን ተራው የእናንተ ነው። ያን ጊዜ እናንተን የሚሰርዝ እድር እንኳ አይኖርም። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲቃጠል ያንን ሌሊት እሳቱን ለማጥፋት ከከተማው ሁሉ ሰው ሲሮጥ አይተናል። ከዚያ ከሮጠው ውስጥ ስንቱ ድሮ እዚህ ይኖር የነበረ፣ ዛሬ ከዳር የሚኖር ነበር? በዚያች ሌሊት መዝገብ ይዞ «አንተ አባል አይደለህም» ያለ ሰው አላየሁም።

ስለዚህ በትሕትና የማቀርበው ይህን ነው።

አንደኛ፣ አንሰረዝ። ደንቡ ይሻሻል። በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በጀሞ ያለን አባላት በየሰፈራችን ተጠሪ እንምረጥ። ጡሩምባው በስልክ ይነፋ። ቀብር መድረስ ያልቻለ ሠልስት ላይ ይገኝ፤ በዚያም ከቀረ ያኔ ቅጡት።

ሁለተኛ፣ እንቆጠር። እያንዳንዱ አባል በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የት ያድራል፣ የት ይሠራል፣ በምን ይሄዳል፣ ስንት ሰዓትና ስንት ብር ያቃጥላል። ሌላ ሰው እስኪያጠናልን አንጠብቅ። የእድር መዝገብ ከማንም ጥናት ይበልጣል፤ ሞታችንን ሲመዘግብ የኖረ መዝገብ ኑሯችንን መመዝገብ አያቅተውም።

ሦስተኛ፣ ያንን መዝገብ ይዘን ለወረዳውም ለከተማውም አቤት እንበል። የምንጠይቀው ሰማይ አይደለም። አዲስ ሐዲድ ከመታሰቡ በፊት የቆሙት ባቡሮች ይጠገኑ። ሐዲዱ በሚያልቅበት በአያት፣ በቃሊቲና በጦር ኃይሎች ባቡሩን ጠብቆ የሚነሳ የከተማ አውቶቡስ ይመደብ፤ ቲኬቱም አንድ ይሁን። ለመርካቶ ሠራተኛ ገና ሳይነጋ የሚነሳ ባቡርና ዕቃ የሚጫንበት ክፍል ይኑረው፤ ሙምባይ የቻለችውን እኛ የማንችልበት ምክንያት የለም። ከሁሉ በላይ ግን፣ መርካቶ የምትታደስ ከሆነ በርበሬ የሚቀነጥሰውና ጆንያ የሚሸከመው እዚሁ የሚያድርበት ቤት በፎቁ ላይ ይታሰብለት። ከባቡር ሁሉ የሚፈጥነው ባቡር ቤትን ከሥራ አጠገብ መሥራት ነው። ብድር አይጠይቅም፣ መለዋወጫ አይጠይቅም፣ መብራት ሲጠፋም አይቆምም።

ከ100 ዓመት በፊት የጂቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ጣቢያው ከከተማው በታች ሜዳ ላይ ነበር። ከተማው ተከትሎት ወረደ፤ ለገሃር ሰፈር ሆነ። ያኔ ከተማው ወደ ባቡሩ ሄደ። ዛሬ ከተማው ወደ ሌላ፣ ባቡሩ ወደ ሌላ ነው የሚሄደው። በመካከል የቀረነው እኛ ነን።

ሰብሳቢያችን ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ልጨርስ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። እኛ ጎረቤት ሆነን የራቅን ነን፤ የቱ ተረት ላይ እንደምንገባ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ስሞት አባዶ ላይ ማን እንደሚቀብረኝ አላውቅም። እዚህ ግን አውቃለሁ። እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አስቡልኝ።

ድምፅ እስኪቆጠር ባልቆይ አትቀየሙኝ፤ የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም መድረስ አለብኝ። ቅጣቴን ለጸሐፊው ሰጥቼ ነው የምወጣው።

(ጉባኤው በዕለቱ ድምፅ አልሰጠም። አጀንዳውን ለሚቀጥለው ወር አስተላልፎ፣ የአባላቱን መኖሪያና የሥራ ቦታ የሚመዘግብ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ መርጧል።)